አንድ ጠፍር፣ አንድ ዘለበት

በቅሎ የጫነ ሰው ያውቀዋል። ሜዳ ላይ ያማረ የመሰለ ጭነት ቁልቁለቱ ሲጀምር ወደ አንገቷ ይንሸራተታል። ስለዚህ የገጠር ሰው ሆዷን ብቻ አጥብቆ አይለቃትም፤ በጅራቷ ሥር የሚያልፍ ጠፍር ይጨምርባታል። ከዚያ በኋላ ኮርቻው የትም አይሄድም። በሰሜን ፍሎሪዳ በውሃ የተሞሉ ዋሻዎች ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች ይህን ከእኛ ባላገር አልተማሩም። ራሳቸውን ዘቅዝቀው ወደ ጥልቁ ሲወርዱ የተሸከሙት ብረት ማጅራታቸው ላይ ሲወጣባቸው ግን መፍትሔው ያው ሆኖ አገኙት፤ በእግሮቻቸው መካከል አልፎ ከፊት የወገብ ቀበቶውን የሚይዝ ጠፍር።

ስለ ጠላቂዎች ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ጀርባ ላይ ስለተሸከሙት ሲሊንደር ነው። «ኦክስጅን» ይለዋል ሁሉም፤ ውስጡ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ የተጨመቀ ተራ አየር ነው። ሲሊንደሩን ከሰውነት ጋር የሚያያይዘውን ትጥቅ ማንም ልብ አይለውም። ገዢውም ቢሆን ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ኪሱ ብዛትና ስለ ትከሻው ስፖንጅ ነው። ትልቁ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለዚያ ስፖንጅ ለሌለው፣ ኪስ ለሌለው፣ ሲታይ እንደ አህያ ጭነት ማሰሪያ ለሚመስለው አንድ ወጥ ጠፍር ነው።

በመጀመሪያ ጠላቂዎቹ እነማን እንደሆኑ መለየት ያስፈልጋል። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው የሥልጠና ድርጅቶች ያስቀመጡት ወሰን 40 ሜትር ነው፤ ችግር ሲገጥመው በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። ቴክኒካል የሚባለው ጠላቂ ግን ይህ በር ተዘግቶበታል። ወይ ከበላዩ የዋሻ ጣሪያ ወይም የሰመጠ መርከብ ብረት አለ፣ ወይ በሰውነቱ ውስጥ የተከማቸው ጋዝ እየቆመ እየጠበቀ ካልወጣ ይጎዳዋል። ስለዚህ ማንኛውንም ችግር እዚያው፣ በጨለማ፣ በገዛ እጁ መፍታት አለበት። እጁ የሚፈልገውን በአንድ ሙከራ ማግኘቱ ለእሱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የፍሎሪዳ ምንጮች ክረምት ከበጋ 20 ዲግሪ አካባቢ የሚሆን፣ እንደ መስታወት የጠራ ውሃ አላቸው። ጥራቱ ብዙዎችን አሳስቷል፤ በእግር ተነካክቶ ደለሉ ሲነሳ ያ መስታወት በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የበዛበት ሻይ ይሆናል። ሼክ ኤክስሊ የተባለው ታዋቂ የዋሻ ጠላቂ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ በዋሻ ውስጥ የሞቱ ሰዎችን ታሪክ አንድ በአንድ መርምሮ ደጋግመው የሚገድሉትን ጥፋቶች ለይቶ አሳይቷል። እስከ መውጫው የሚያደርስ መሪ ገመድ አለመዘርጋት፣ ለመመለሻ የሚበቃ ጋዝ አለማስቀረትና ከአቅም በላይ መጥለቅ ከዋነኞቹ ነበሩ።

በዚያው አካባቢ የሚጠልቅ ቢል ሜይን የሚባል ሰው ደግሞ ዓይኑን ትጥቁ ላይ ጣለ። የማያስፈልግ ነገር አይያዝም፤ የሚያስፈልገውም ከሰውነት ተጣብቆ ይቀመጣል እንጂ አይንጠለጠልም። ይኸው ነበር ሐሳቡ። የሜይን መካከለኛ ስም «ሆጋርዝ» ነውና አደራረጉ ዛሬም «ሆጋርዛዊ» እየተባለ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጆርጅ አርቫይን የሚመራው የውድቪል ካርስት ፕሌይን ፕሮጀክት ቡድን ይህንኑ ትጥቅ ይዞ በዋኩላ ምንጭ ዋሻዎች ውስጥ ርቀትን በርቀት ላይ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ከቡድኑ አባላት ጃሮድ ጃብሎንስኪና ኬሲ ማኪንሌይ በአንዱ ጉድጓድ ገብተው 11 ኪሎ ሜትር ያህል በምድር ሆድ ውስጥ ተጉዘው በዋኩላ ወጡ። ጥልቀቱ 90 ሜትር ገደማ ነበር። እዚያ ርቀት ላይ የተበጠሰ የፕላስቲክ ማያያዣ የሚቀይርልህ ሱቅ የለም።

ትጥቁን በቅርብ እንየው። መሠረቱ ጀርባ ላይ የሚያርፍ፣ እንደ ሰው ጀርባ መሐሉ የታጠፈ ብረት ነው፤ ከማይዝግ ብረት ሲሠራ ሦስት ኪሎ አካባቢ፣ ከአሉሚኒየም ሲሠራ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በላዩ የተቀደዱ ጠባብ መስኮቶች አሉ። አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከሦስት ሜትር ተኩል የማያንስ አንድ ወጥ የናይለን ጠፍር ከላይኛዎቹ መስኮቶች ገብቶ በሁለቱ ትከሻዎች ላይ ይወርዳል፤ በብብት ሥር ዞሮ በታችኛዎቹ መስኮቶች ያልፍና ወገብ ላይ ይገናኛል። አልተቆረጠም፣ አልተሰፋም፣ አልተቀጠለም። የሚፈታው በአንድ የብረት ዘለበት ብቻ ሲሆን ዘለበቱም ከእምብርት ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይላል። በብረቱና በሲሊንደሮቹ መካከል ደግሞ ጠላቂው እየነፋና እያስተነፈሰ የሚንሳፈፍበት የአየር ከረጢት ይገባል።

ጠፍሩ ላይ አምስት ቀለበቶች ይሰካሉ፤ ሁለት ደረት ላይ፣ አንድ ግራ ዳሌ ላይ፣ ሁለት በእግር መካከል በሚያልፈው ጠፍር ፊትና ኋላ። ከዚያ በላይ የጨመረ ሰው ለምን እንደጨመረ ሊጠየቅ ይገባል፤ አንዳንዱ ጠላቂ የገና ዛፍ መስሎ ወደ ውሃ ሲገባ ይታያልና። በግራ ዳሌው ቀለበት የጋዙን መጠን የሚያሳየው ሰዓት ይያዛል። ተጨማሪ ሲሊንደር ሲኖር አናቱ በግራ ደረት፣ ግርጌው በግራ ዳሌ ይንጠለጠላል። ቀኙ ወገን ለመብራቱ ባትሪ ይተዋል። ሁለት ሜትር ከአሥር የሚረዝመው የመተንፈሻ ቱቦ በባትሪው ሥር ተሸጉጦ ደረትን አቋርጦ በአንገት ዙሪያ ይመጣል። ጓደኛ ጋዝ ሲያልቅበት የሚሰጠው ይህ ከአፍ የሚወጣው ነው፤ ሰጪው አንገቱ ላይ በላስቲክ የታሰረችውን ሁለተኛዋን መተንፈሻ ይጎርሳል።

የዚህ ሁሉ ውበት ያለው ርካሽ ነገሮቹ ላይ ነው። መጠባበቂያ መብራቶቹን ደረት ላይ ለጥጦ የሚይዛቸው ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀለበት ነው። ዕቃውን ቀለበቶቹ ላይ የሚሰኩት መንጠቆዎች ከቱቦና ከመብራት ጋር የሚያያዙት በብረት ሳይሆን በክር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መንጠቆው ቢነክስና አልለቅ ቢል ክሩ በቢላ ይቆረጣል። ብረት ከብረት ከተያያዘ ግን ቢላው ምን ያደርጋል? ቢላውም ቢሆን እንደ ፊልሙ ባት ላይ አይታሰርም። ሁለቱም እጆች የሚደርሱበት ወገብ ላይ፣ ከፊት በግራ በኩል ይቀመጣል።

የገዙትን ትጥቅ አውጥቶ መልበስ ግን ገና ጅማሬው ነው። ጠፍሩ ከፋብሪካ ሲመጣ የማንም ሰው ልክ አይደለም፤ የባለቤቱ ልክ እስኪሆን አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። ጠላቂው መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የሚለብሰውን ልብስ ከነውስጡ ይለብሳል። በቀጭን ካናቴራ ላይ የተለካ ጠፍር በወፍራም ሙቀት ሰጪ ልብስ ላይ ያንቃል። ከዚያ ያለ ሲሊንደር ብረቱን ብቻ ይሸከምና መዳፉን በትከሻው ጠፍር ሥር ያስገባል፤ እጁ ሳይጨነቅ ማለፍ አለበት። ክንዱን ወደ ኋላ አጥፎ የብረቱን የላይኛውን ጠርዝ በጣቱ ጫፍ ይነካል። ካልደረሰ ብረቱ ወርዷል ማለት ነው። የደረት ቀለበቶቹ ብብቱ ትይዩ አካባቢ እንዲውሉ ይገፋቸዋል፤ ከዚያ ከወጡ አንገቱን ይቆረቁራሉ፣ ከወረዱ ሲሊንደሩ ሆዱ ሥር ይንጠለጠልበታል። የእግር መካከሉ ጠፍር ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚሰማው እንጂ ጎንበስ የሚያደርገው መሆን የለበትም።

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ አርባ ኪሎ ሲሸከም ጠፍሩን ጠበቅ ማድረግ ይጥመዋል፤ የያዘው ይመስለዋል። ውሃ ውስጥ ግን ያ ክብደት የለም። እዚያ የጠፍሩ ሥራ መሸከም ሳይሆን ትጥቁን በቦታው ማቆየት ብቻ ነው፣ ይህንንም የወገቡና የእግር መካከሉ ጠፍሮች ይሠሩታል። ትከሻው የጠበቀበት ጠላቂ ክንዱ ታስሯል። ከማጅራቱ ጀርባ ያለው ቫልቭ ጋዝ ማፍሰስ ሲጀምር እጁን ልኮ መዝጋት አለበት፤ ሦስት ጣት ቀርቶት ሳይደርስ ሲቀር የጠፍሩ ጥብቀት ምን እንደጠቀመው ያኔ ይገባዋል። «ትከሻዬ አይታጠፍም፣ ዕድሜ ነው» የሚል ጠላቂ ጠፍሩን በሁለት ጣት ስፋት ሲለቁለት ብዙ ጊዜ ዕድሜው ይመለስለታል።

ልኩ ከተገኘ በኋላም ጠፍሩ ወዲያው አይቆረጥም። ጥልቀት በሌለው ውሃ ሦስት አራት ጊዜ ይሞከራል፤ ቫልቮቹ ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ፣ መንጠቆዎቹ ዓይን ተጨፍኖ ይሰካሉ፣ ይነቀላሉ። በየሙከራው መካከል ቀለበቶቹ አንድ ሴንቲ ሜትር ወዲህ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወዲያ ይላሉ። ትርፉ የሚቆረጠው በመጨረሻ ነው፤ ጫፉም እንዳይተረተር በላይተር ይተኮሳል።

ይህን የሚቃወሙ አሉ፣ ሊሰሙም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዚህ ትጥቅ ሰባኪዎች አካሄዳቸውን «በትክክል አድርገው» ብለው ሲሰይሙት ሌላው ሁሉ በስህተት እያደረገ ነው ማለታቸው ነበር፤ አነጋገራቸውም ከስሙ የባሰ ነበር። ትጥቁን ሃይማኖት አደረጉት ተብለው የተወቀሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላም እውነት አለ። ትከሻው የተጎዳ ሰው ከወጥ ጠፍር ውስጥ መውጣት፣ ጠባብ ሹራብ በግድ እንደሚያወልቁት ሕፃን ያደርገዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው በአንዱ ትከሻ በኩል አንድ ጠንካራ ዘለበት ቢጨመርለት ነውር የለውም። አሥራ ሁለት ሜትር ወርዶ ዓሣ ዓይቶ ለሚመለስ ሰውም ተራው ባለ ስፖንጅ ጃኬት በቂው ነው።

ነውሩ ለአንድ ጉዳተኛ የታሰበውን መላ ለሁሉም መቸብቸብ ነው። ሁለት የትከሻ ማያያዣ፣ አንድ የደረት፣ ሁለት የጎን እያሉ እያንዳንዷን ፕላስቲክ «ምቾት» ብለው ይሸጧታል። ከጨመሯቸው ማያያዣዎች አንዱ ጀልባ ላይ ተረግጦ የተሰነጠቀ ቢሆንና ዋሻ ውስጥ ቢለቅ ሲሊንደሩ በአንድ ትከሻ ይንጠለጠላል፤ ቀለበቶቹ ሁሉ ቦታቸውን ይለቃሉ፤ ያ በሙከራ የተገኘው ሴንቲ ሜትር ከንቱ ይሆናል። ወጥ ጠፍር ሲያረጅ በዓይን ይታያል፣ በጥቂት ገንዘብም ሙሉው ይቀየራል።

ትንሽ ለውጥ ምን እንደሚያደርስ በአህጉራችን የደረሰ አንድ ታሪክ ይመሰክራል። በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ኬፕ ግዛት ቡስማንስጋት የሚባል በውሃ የተሞላ ግዙፍ ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዲዮን ድሬየር የተባለ የ20 ዓመት ወጣት እዚያ ጠልቆ ቀረ። ከአሥር ዓመት በኋላ የአውሮፕላን አብራሪ የነበረው አውስትራሊያዊው ዴቭ ሾው 270 ሜትር ወርዶ አስከሬኑን አገኘው፤ ለወላጆቹ ሊያወጣላቸውም ቃል ገባ። የተመለሰው ታኅሣሥ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ገናን ባከበርን ማግስት። ለጥቂት ደቂቃ ሥራ የግማሽ ቀን ያህል ቀስ እያሉ መውጣት የሚጠይቅ ጉዞ ነበር።

ሾው በሁለት እጁ መሥራት ሲፈልግ የመብራቱን ራስ በአንገቱ ላይ የማንጠልጠል ልማድ ነበረው። በዚያ ቀን ግን ሥራውን የሚቀርጽ ካሜራ የተገጠመበት የራስ ቁር ስላደረገ ይህን ማድረግ አልተመቸውም። መብራቱን ከነገመዱ ለቀቀው። አስከሬኑ ባልተጠበቀ ሁኔታ ከወለሉ ተላቅቆ መንሳፈፍ ጀመረ፤ የመብራቱ ገመድም እዚያ ከነበረው መሪ ገመድ ጋር ተጠላለፈ። ሾው ሊላቀቅ ታገለ። በዚያ ጥልቀት ጋዙ ራሱ ወፍራም ስለሆነ ትግል ማለት ሳንባ ሊያስወጣው የማይችለው የተቃጠለ አየር መከማቸት ማለት ነው። ካሜራው ትንፋሹ እየፈጠነ ሄዶ እስኪቆም ቀረጸው። ሊረዳው የወረደው ጓደኛው ዶን ሸርሊም ለጥቂት ተረፈ።

ሾው ጀማሪ አልነበረም፤ መሣሪያውም ርካሽ አልነበረም። ከነበረው የተጓደለ አንዲት ነገር ናት፤ መብራቱ የለመደው ቦታ ላይ አልነበረም። ከአራት ቀን በኋላ ሌሎቹ ጠላቂዎች ገመዶቹን ሲስቡ ሾው ራሱ ተንሳፍፎ ወጣ። በመብራቱ ገመድ ተጠላልፎም የድሬየር አስከሬን ከሥሩ ተንጠልጥሎ ነበር። ቃሉ እንዲህ ሆኖ ተፈጸመ።

«እኛ ከባሕር ምን አለን?» ለሚል አንባቢ ደግሞ የራሳችን ታሪክ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ፣ በካፒቴን ልዑል አባተ እጅ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ውሃ ላይ አረፈ። ከ175 ሰዎች የተረፉት 50 ናቸው። በአካባቢው ሆቴል የነበሩ ጎብኚዎችና ጠላቂዎች ደርሰው ሰው አውጥተዋል። ከሞቱት መካከል ግን የተንሳፋፊ ሰደሪያቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ፤ ውሃው ሲሞላ ሰደሪያው ወደ ጣሪያው ለጠፋቸውና ወደ በሩ ጠልቀው መውጣት አልቻሉም። ትጥቁ አልተበላሸም። ያለ ጊዜው ተነፋ እንጂ እንደተሠራለት ሠርቷል።

ዛሬ የእኛ ሰው ከባሕር ሩቅ አይደለም። ጅቡቲ ለሥራ የሚመላለሰው፣ በእስራኤል ኤላት አጠገብ ያደገው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖረው ወጣት አንድ ቅዳሜ ትጥቅ ተከራይቶ ውሃ መግባቱ አይቀርም። ያን ቀን ዋሻ አይገባም፣ ወጥ ጠፍርም አያስፈልገውም። አከራዩ ግን ከእሱ በፊት ለገባው ሰው ልክ የተደረገውን ትጥቅ አንስቶ ትከሻው ላይ ጥሎበት፣ ዘለበቱን ራሱ ቆልፎለት «ደህና ነህ» ብሎ ጀልባው ላይ ሊያሳፍረው ይችላል። አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ሲሆን እሺ አይበሉ። ዘለበቱን ይፍቱት፣ በገዛ እጅዎ መልሰው ይቆልፉት፤ ጠፍሩን በልክዎ ይሳቡ፣ ይልቀቁ። ከረጢቱን የሚያስተነፍሰው ቁልፍ የት እንዳለ ዓይንዎን ጨፍነው ይፈልጉ። አንድ ጊዜ ሲሞክሩ ካላገኙት ጀልባው አሥር ደቂቃ ይጠብቅ።